በአንድ ካርድ የታከምን

ሥራዬ የመረጃ ቋት መጠበቅ ነው። «የመረጃ ቋት» ስል የሰው ፊት ወዲያው ስለሚደክም «ዳታቤዝ» እላለሁ፤ እሱም ካልሆነ «ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ትልቅ መዝገብ» ብዬ እገላገላለሁ። በሙያዬ ከምጠየቃቸው ጥያቄዎች ሁሉ አንዱን አልወደውም፤ «ስንት ያህል ነው?» የሚለውን። ጠያቂው አንድ ቁጥር ሰምቶ ወደ ጉዳዩ መሄድ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ የምሰጠው አንድ ቁጥር የለኝም። ማብራራት ስጀምር ሰዓቱን ያያል፤ ከዚያ ሁለታችንም እንናደዳለን።

በቅርቡ ይህንኑ ጥያቄ የጠየቁኝ የሰፈራችን ክሊኒክ ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ክሊኒኩ ከ18 ማዞሪያ ገባ ብሎ ያለ የበጎ አድራጎት ክሊኒክ ነው፤ እኔም በልጅነቴ ትኩሳት በያዘኝ ቁጥር እያለቀስኩ የምጎተትበት ግቢ ነው። ድሮ የበሽተኛው ታሪክ ሁሉ በወረቀት ካርድ ላይ ይጻፍ ነበር። ኋላ ጸሐፊዎች ተቀጥረው ያንን ሁሉ ወረቀት ወደ ኮምፒውተር አስገቡት። አሁን ደግሞ ያ ሲስተም ስላረጀ በሌላ ሊተካ ነው፤ ከአሮጌው ወደ አዲሱ የማዛወሩ ሥራ የተሰጠው ለእኔ ነው። አዲሱን ሲስተም የሚያቀርቡት ሰዎች «የምታመጡት ዳታ ስንት ያህል ነው?» ብለው ጽፈዋል። ሥራ አስኪያጁም ጥያቄውን እንዳለ ወደ እኔ አሻገሩት።

እንደ ልማዴ «በምን ይለካ?» ብዬ መልሼ ጠየቅኳቸው። ዲስኩ ላይ የያዘው ቦታ ከተባለ አንድ ቁጥር ነው፤ ግን ከዚያ ውስጥ ብዙው ካርድ ፈልጎ ለማግኘት የሚያገለግል ማውጫ ነው፤ የተሰረዘ ነገርም ቢሆን ቦታውን ቶሎ አይለቅም። የካርዱ ብዛት ከተባለ ሌላ ቁጥር ነው። ሰው ስንት ጊዜ ተመላለሰ ከተባለ ሌላ ነው። ስንት ሰው አለበት ከተባለ ደግሞ እሱ ከሁሉም የከፋ ነው። ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹና፣ የጠየቁኝ ቀላል ነገር እንደነበር በትሕትና አስታወሱኝ።

ጦር ኃይሎች የቆመውን ሚኒባስ ምሳሌ አደረግኩላቸው። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የወንበር ብዛት አንድ ነው፤ ረዳቱን ቢጠይቁት ትርፉን ጨምሮ ሌላ ይነግርዎታል፤ ትራፊክ ሲታይ ጎንበስ የሚሉትን ሹፌሩ አይቆጥራቸውም፤ መጨረሻ ወንበር ላይ በአንድ ጎኑ የተቀመጠው ተሳፋሪ ደግሞ የራሱ ቁጥር አለው። መኪናው ግን ያው አንድ መኪና ነው። ሥራ አስኪያጁ ሳቁና፣ እንግዲያው ሁሉንም ለክተህ አምጣ፣ የሚያምረውን እኔ እመርጣለሁ አሉ።

ለካሁ። ፋይሉ ከጠበቅነው በላይ ከባድ ሆኖ ተገኘ፤ ያከበደው ግን በስካነር የገባው የራጅ ፎቶ እንጂ የሰው ብዛት አልነበረም። የካርዱ ቁጥርም ሥራ አስኪያጁን ደስ የሚያሰኝ ነበር። እኔ ግን የሰፈሬን ሰው አውቀዋለሁ፤ የካርድ ቁጥር የተጻፈባትን ወረቀት ከሱሪው ጋር አጥቦ ጨርሶ አዲስ የሚያወጣ ነው። አንድ ሰው ሁለት ሦስት ካርድ ይኖረዋል። ስለዚህ የሰው ቁጥር ከካርዱ ቁጥር ያንሳል ብዬ በሙሉ ልብ ደመደምኩ፤ ለሥራ አስኪያጁም እንደ ትልቅ ዐዋቂ አስረዳኋቸው። ይህን ድምዳሜ ያዙልኝ፤ ቆይቶ ጉድ የሠራኝ እሱ ነው።

አንድ የቀረ ልኬት ነበር። አዲሱ ሲስተም ለአንድ ሰው ታሪክ የሚሰጠው ቦታ ገደብ ስላለው፣ ከካርዶቹ ሁሉ ረጅሙ ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ አለብኝ። ኮምፒውተሩን ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድር አልኩት። ደረደረ። ከላይ የመጣው ካርድ ከሁለተኛው ጋር የሚቀራረብ እንኳ አልነበረም፤ ሁለተኛው እግሩ ሥር የሚደርስ ነበር። ስም ለእኔ አይታየኝም፤ የማየው የካርድ ቁጥር፣ ጾታ፣ ዕድሜና የሕመሙን ዓይነት ብቻ ነው። ሴት ናቸው፤ በዕድሜም ገፋ ያሉ ናቸው።

ወደ ታች ወረድኩ። ትክትክ። የኩፍኝ ክትባት። የእርግዝና ክትትል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ትክትክ፣ እንደገና እርግዝና። ከዚያ የፕሮስቴት ምርመራ። የካርድ ክፍሏን ሠራተኛ ጠርቼ አሳየኋት። የእኔ እኩያ ናት፣ ቀልድ አያልፋትም። ጠጋ ብላ አነበበችና «ይቺ ሴትዮማ ራሷ ክሊኒክ ናት» አለች። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ሳቁ ሲያልፍ ግን ሥጋት ገባኝ። ጸሐፊዎቹ ከወረቀት ሲገለብጡ የብዙ ሰው ካርድ ተደባልቆባቸው ከሆነ፣ የዚህ አንዱ ብቻ ሳይሆን የሁሉም ካርድ አይታመንም ማለት ነው። ስለዚህ ዋናውን ወረቀት ከዕቃ ክፍል አስወጣሁ። በሲባጎ የታሰረ፣ እንደ ትራስ የወፈረ ፋይል መጣ። ጸሐፊዎቹ አልተሳሳቱም ነበር። የገለበጡት ያለውን ነው። ሽፋኑ ላይ አድራሻ በሚለው ቦታ «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር» ይላል። ከበላዩ ያለውን ስም ሳነብ ሳቄ እንደገና መጣ፤ የዚህኛው ግን ዓይነቱ ሌላ ነበር። በአረንጓዴው በር ገብቼ ወጥቼ ነው ያደግኩት። ባለ ካርዷ አከራያችን እትዬ ነበሩ።

የእትዬ ግቢ ከዋናው ቤት ሌላ በረድፍ የተሠሩ የኪራይ ክፍሎች ነበሩት። እኔና እናቴ ከውኃ ቧንቧው አጠገብ ያለችው ክፍል ውስጥ ነበርን። ከጎናችን ልብስ ሰፊ፣ ቀጥሎ የከባድ መኪና ሹፌር ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ፣ በስተመጨረሻ ሰልባጅ የሚነግዱ ሙስሊም ቤተሰቦች። እትዬ ባላቸው ቶሎ የሞቱባቸው፣ ልጅ የሌላቸው፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ የልብስ ገመዱን በሁለት መዳፍ እየለኩ ለየቤቱ የሚያካፍሉ ሴት ነበሩ። ወንፊታቸው የጋራ ነበር። መዶሻቸውም የጋራ ነበር። ካርዳቸውም እንደዚሁ።

ምክንያቱ ወረፋ ነው። በዚያን ጊዜ አዲስ ካርድ የሚያወጣ ሰው ሊነጋጋ ሲል ተሰልፎ መስኮቱ ጋ የሚደርሰው ለምሳ ሊዘጋ ሲል ነበር። ካርድ ያለው ግን ቁጥሩን ተናግሮ በሌላ በር ይገባል። ትኩሳት የያዘው ሕፃን ያቀፈች እናት የትኛውን እንደምትመርጥ የታወቀ ነው። የእትዬን በር ታንኳኳለች፤ እትዬ ከቡፌው መሳቢያ ያቺን ቁጥር የተጻፈባትን ቁራጭ ካርቶን ያወጡላታል። ክሊኒኩ ውስጥ ያለችው ነርስ በትልቅ ሴት ካርድ የመጣውን ሕፃን አየት ታደርግና፣ ከኋላዋ ያለውን ሰልፍም አየት ታደርግና፣ የዕለቱን ሕመም ከበፊቱ ሥር ትጽፋለች። እንዲህ እንዲህ እየተባለ ግቢው ሁሉ በአንድ ሴት ስም ታመመ፣ በአንድ ሴት ስም ዳነ።

ጉድ የሠራኝ ድምዳሜዬም እዚህ ጋ ፈረሰ። አንድ ሰው ብዙ ካርድ እንዳለው ቆጥሬ፣ አንድ ካርድ ብዙ ሰው ሊኖረው እንደሚችል አላሰብኩም። እኔ ራሴ በዚያ መዝገብ ውስጥ በስሜ የለሁም። በእትዬ ውስጥ ነው ያለሁት።

ሽፋኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት ማስጠንቀቂያ አለ፤ «ፔኒሲሊን አይስማማም» ይላል። እሱን ሳይ ደግሞ የድሮ ወዳጅ ያገኘሁ ያህል ነበር፤ የእኔ ነውና። ኳስ ስንጫወት ጉልበቴን ቆርቆሮ ቆርጦኝ፣ እናቴ ሥራ ላይ ስለነበረች በጀርባቸው አዝለው ያመጡኝ እትዬ ነበሩ። መርፌው ከተወጋሁ በኋላ ከንፈሬና ዓይኔ አብጦ ነርሶቹ ሲሯሯጡ፣ የእትዬ እጅ ግንባሬ ላይ እንደነበረ አስታውሳለሁ። ከዚያ ወዲህ የትም ብታከም አፌን የምፈታው «ፔኒሲሊን አይስማማኝም» በሚለው ነው።

በዚያው ሳምንት ብርቱካን ገዝቼ ወደ አረንጓዴው በር ሄድኩ። ሐሳቤ ሁሉ የክሊኒኩ ትልቋ በሽተኛ እርስዎ ሆነው ተገኙ ብዬ ላስቃቸው ነበር። ከዚያ ግቢ ከወጣን ብዙ ጊዜያችን ነው። እናቴ ወደ ጎጃም ወደ እህቷ ዘንድ ተመልሳለች፤ ሹፌሩም ነጋዴዎቹም ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ተበትነዋል። ከድሮዎቹ የቀሩት ልብስ ሰፊው ብቻ ናቸው። በሩን የከፈቱልኝም እሳቸው ነበሩ፤ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። ፊታቸውን ሳይ የሳቁ ነገር እንደማይሆን ገባኝ።

እትዬ ተኝተዋል። ያ ወፍራም ድምፅ በሳል መሐል ተቆራርጦ ነው የሚመጣው። ልብስ ሰፊው በሹክሹክታ አስረዱኝ። የሳንባ ምች ነው ተብሏል፤ መድኃኒቱ ሁለቴ ተቀይሯል፤ አንዱ አስታወካቸው፣ ሌላው ትኩሳቱን አልነካውም፤ ከሰኞ ወዲህ እህል አልቀመሱም። የክሊኒኩ ዶክተር ይህን ሕመም ቶሎ የሚቆርጠው መርፌ ለእሳቸው አይሆንም ብላለች። ለምን አይሆንም ብዬ ስጠይቅ፣ ካርዳቸው ላይ እንደማይስማማቸው ተጽፏል አሉኝ።

ወንበሩ ላይ የነበረውን ልብስ እንኳ ሳላነሳ ተቀመጥኩ።

ትንሽ ራሴን ሳገኝ ወደ አልጋው ጠጋ ብዬ ፔኒሲሊን ተወግተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አያውቁም። ታዲያ ዶክተሯ ስትጠይቅዎ ምን አሉ? አዎ፣ አይስማማኝም ብያታለሁ አሉ።

«እትዬ፣ ለምን?»

«ካርዱ ላይ ነዋ» አሉኝ፣ የሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅኩ ሁሉ። «ካርዱ ላይ ካለ፣ አለ ነው።»

ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ። ከዓመታት በፊት አንዲት ነርስ በካርዳቸው የመጣን ልጅ አይታ፣ እንዲህ ከቀጠሉ ካርድዎ ይዘጋል፣ የሚያበድሯቸውም ሰዎች ይጠየቃሉ ብላ አስፈራርታቸው ኖሯል። ከዚያ ወዲህ እትዬ አንድ ደንብ አወጡ፤ ካርዱ ላይ የተጻፈውን ሁሉ የራሴ ነው ማለት። አስም አለብዎት ወይ ሲባሉ አዎ ብለዋል። ጆሮዎ ይመግል ነበር ወይ ሲባሉ አዎ ብለዋል። ይቺ አዲሷ ዶክተር ካርዱን እያየች ስንት ጊዜ እንደወለዱ ስትጠይቃቸው «አራት» ብለው መልሰዋል። ይህን ሲነግሩኝ በትኩሳት መሐል ትንሽ ፈገግ አሉ። እኔ ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጡብኝ፤ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ነገ ጠዋት ሄጄ ሁሉንም ለዶክተሯ እነግራታለሁ ስላቸው ግን ፈገግታው ጠፋ። ከአልጋው ቀና ለማለት ሞከሩ። እጄን ያዙኝ፤ እጃቸው እሳት ነው። ሰው አታስነካብኝ አሉ። ማንን እንዳሰቡ ወዲያው አልገባኝም ነበር። የገባኝ ልብስ ሰፊው ዓይናቸውን ወደ መሬት ሲተክሉ ነው። እሳቸው እስከ ዛሬ በየወሩ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን የሚወስዱት በዚያው ካርድ ነው። ካርዱ ከተነካ የሳቸው መድኃኒት እንዳይቆም ፈርተው፣ እትዬ ስለ ገዛ ሳንባቸው ዝም ብለው ነበር።

ተናደድኩ። የታመመ ሰው ላይ አይጮህም እንጂ ልጮህባቸው ምንም አልቀረኝም። እንዲህ ያለ ደግነት ሰው ይገድላል ብዬ ልናገር ስል ልብስ ሰፊው ቀደሙኝ። ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው በጣታቸው እየጠቀለሉ፣ «እኔም አብሬው እሄዳለሁ» አሉ። «የኔን ራሴ እናገራለሁ። እርስዎ ዝም ብለው ይተኙ።»

በማግስቱ ጠዋት ሁለታችን የዶክተሯ በር ላይ ነበርን። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ወረፋው ገና በጠዋቱ አድክሟታል። ታሪኩን ስነግራት ተቆጣች። ቁጣዋ ትክክል ነበር። በሌላ ሰው ካርድ የደም ግፊት መድኃኒት ስትፈቅድ እንደቆየች፣ በሌላ ሰው አለርጂ ደግሞ አንዲት አሮጊት መድኃኒት እንደከለከለች እየሰማች ነው። ልብስ ሰፊው ኮፍያቸውን አውልቀው እንደ ተማሪ ቆመው ሰሙ። በመጨረሻም ማስጠንቀቂያው የእኔ መሆኑን በአፍ ብቻ ተቀብላ ልትሰርዘው እንደማትችል ነገረችን። ተሳስተን ከሆነ፣ ወይም እትዬም እንደ እኔ የማይስማማቸው ከሆነ፣ መርፌው በቅጽበት ሊገድላቸው ይችላል።

እዚህ ላይ የማውቀው ሙያ ባይኖረኝ ምን ላደርግ ነበር እላለሁ አንዳንዴ። ስለ ሕክምና ምንም አላውቅም፤ መዝገብ ግን አውቃለሁ። ያቺን ማስጠንቀቂያ በምን ቀን እንደተጻፈች እንፈልግ አልኳት። ፋይሉን ፈትተን ገጹን አገኘነው፤ የጉልበት ቁስል፣ መርፌ፣ እብጠት። ነርሷ በዚያ ሁሉ ሩጫ መሐል አንድ ነገር አልዘለለችም፤ ክብደት መዝናለች። ሃያ ኪሎ ይላል።

ዶክተሯ ቁጥሩን አየችው። ከዚያ ገጹን ወደ ኋላና ወደ ፊት ገለጠች፣ የክብደቱን ቦታ ብቻ በጣቷ እየተከተለች። ሰባት ኪሎ። ስልሳ ስምንት። አሥራ አንድ። ሰባ ሦስት። እንደገና ዘጠኝ። የአንድ ሴት ካርድ ሲያብጥና ሲሟሽሽ፣ ሕፃን ሲሆንና ሽማግሌ ሲሆን ታየ። እኔ ያንን ካርድ በባይት ለክቼው ነበር፣ በመስመር ለክቼው ነበር፤ በኪሎ መለካቱ ግን አልታየኝም። ዶክተሯ ፋይሉን ዘጋችና ቶሎ አምጡልኝ አለች።

በኮንትራት ታክሲ አመጣናቸው። ዶክተሯ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጃቸውን ይዛ፣ ማንም ሰው አይጠየቅም፣ የልብስ ሰፊውም መድኃኒት አይቆምም፣ ዛሬውኑ የራሳቸው ካርድ ይወጣላቸዋል አለቻቸው። ከዚያ ጥያቄዋን እንደ አዲስ ጀመረች። እትዬ እኔን አዩ፣ ልብስ ሰፊውን አዩ። ብዙ ዓመት የያዙትን ነገር ማስቀመጥ ከብዷቸው ነበር። በመጨረሻ «ልጄ፣ እኔ መርፌውንም አላውቀው» አሉ።

ዶክተሯ አልቸኮለችም። ለክፉ ቀን የሚሆነውን መድኃኒት አጠገቧ አዘጋጅታ፣ መጀመሪያ ክንዳቸው ላይ በጥቂቱ ሞከረች። ያንን ክንድ ሁላችንም አፍጥጠን አየነው። እኔ ስለ ከንፈሬ እብጠት እያሰብኩ የራሴን ከንፈር ስነካ ነበር። ክንዱ ላይ ምንም አልወጣም። ትንሽ ጨመረችላቸው፣ ጠበቀች፣ እንደገና ምንም የለም። ከዚያ ሙሉውን ሰጠቻቸው። በሳምንቱ መጨረሻ ትኩሳቱ ለቀቃቸው፤ ስልክ ስደውል ያ ወፍራም ድምፅ ተመልሶ፣ ያመጣሁት ብርቱካን ኮምጣጣ እንደነበር ነገረኝ።

ሥራ አስኪያጁ ጉዳዩን ሲሰሙ ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን እንዲህ ያለ ካርድ ሌላም ይኖር ይሆን ብለው ጠየቁኝ። ይኖራል አልኳቸው፤ እንዲያውም እንዴት እንደምፈልገው አሁን አውቄያለሁ፤ ክብደቱ የሚዘል ካርድ ነው። ለይ አሉኝ። ስለዚህ ከትልቁ ጀመርኩ።

እትዬ ሲያገግሙ ላፕቶፔን ይዤ በረንዳቸው ላይ ተቀመጥኩ። የተበተኑትን ጎረቤቶች በስልክ እያገኘን፣ ይሁንታቸውን እየጠየቅን፣ መስመር በመስመር ወረድን። እኔ ቀኑንና ክብደቱን አነባለሁ፤ እትዬ ባለቤቱን ይነግሩኛል። ይቺ የሹፌሩ ሚስት የመጀመሪያ እርግዝናዋ ናት። ያ ትክትክ የነጋዴዎቹ ትንሿ ልጅ ነው፤ ዛሬ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ናት። ያ የወንድ ምርመራ የልብስ ሰፊው አባት ነው፣ ነፍሳቸውን ይማር። እናቴን ስደውልላት ደግሞ፣ ለምን ካርድ እንዳላወጣችልኝ ስጠይቃት፣ «ካርድ ነበረህ እኮ» ብላ ተገረመች።

አንዱን ባነሳን ቁጥር የእትዬ ካርድ ያጥራል። እሳቸውም ይህን አይተዋል። መጀመሪያ ላይ እየሳቁ ነበር የሚያድሉት፤ እየቆየ ሲሄድ ድምፃቸው ዝቅ አለ። የእኔ ጉልበት ጋ ስንደርስ «እሷን እንኳ ተዋት» አሉኝ፤ «የታዘልክባት ናት።» መተው እንደማልችል፣ ቀዩ ማስጠንቀቂያ ከእሷ ጋር እንዳለ አስረዳኋቸው። ገባቸው። «ውሰዳት እንግዲህ፤ ድሮም ከሁሉም ያስቸገርከኝ አንተ ነህ» አሉ።

ከአሁኑ የሳንባ ሕመም ሌላ በመጨረሻ አንድ መስመር ቀረ። ካርዱ የተከፈተባት የመጀመሪያዋ ቀን ናት፤ ማንም ገና ሳይበደረው። ክብደቱ የወጣት ሴት ነው። ዓይኔ ቀድሞኝ አነበበው፤ ልጅ መውለድ ስላልቻሉ የመጡበት ነው፤ ከባለቤትዎ ጋር ተመልሰው ይምጡ ይላል። ከዚያ ሥር እሳቸውን የሚመለከት ሌላ ነገር የለም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ አቃተኝ። እትዬ ዝምታዬን አይተው፣ ወደ ስክሪኑ ሳያዩ፣ «እሷ የኔ ናት» አሉ። ከዚያ ሻይ ላፍላ ብለው ተነሡ።

አዲሱ ሲስተም ሥራ ጀመረ። ለአቅራቢዎቹ የላክኩት መልስ ሁለት ቁጥር ነበረው። በፋይሉ ከለካነው ምንም የተለወጠ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ያው ጽሑፍ ነው፣ ቦታ ብቻ ተለዋወጠ። በሰው ከለካነው ግን ከአንድ አረንጓዴ በር ብቻ አንድ ግቢ ሙሉ ሰው ጨምረናል። እትዬ በርዝመት ከመጀመሪያው ተነሥተው ከመጨረሻዎቹ ተርታ ገቡ።

ከዚያ ወዲህ ወር ሳይሞላ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ደወለችልኝ። አዲሱ ሲስተም የተደጋገመ ነገር ሲያይ ያስጠነቅቃል፤ ዛሬ አንድ ስልክ ቁጥር ይዞ አልለቅ ብሏታል። በቅርቡ የተከፈቱ ብዙ ካርዶች ላይ፣ ድንገተኛ ነገር ቢፈጠር የሚጠራ ሰው በሚለው ቦታ፣ ያው አንድ ቁጥር ተጽፏል። ዝምድና የሚለው ግን አይገጥምም፤ አንዱ አክስት ይላል፣ አንዷ አያት ትላለች፣ ልብስ ሰፊው «አከራይ» ብለዋል። የእኔም ካርድ ከዚያው ውስጥ ነው። ተነጋግረን አልነበረም፤ እኔም ሌላው ያንን እንደጻፈ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ጸሐፊ ተሳስቶ ቁጥሩን ደጋግሞት ይሆናል፣ ትክክለኛውን የአንዱን ትቼ ከሌሎቹ ላይ ላጥፋው ወይ አለችኝ። የእኔ ላይ ዝምድናው ምን እንደሚል እንድታነብልኝ ጠየቅኳት።

«እናት» አለች።

«ምንም አልተሳሳተም» አልኳት። «የሁሉም ላይ ተይው።»